ሕዝብ በሚጠጣው ሐይቅ ላይ መዝናናት፦ ደንቡ ማንን ይመለከታል?



ሕዝብ በሚጠጣው ሐይቅ ውስጥ ሕዝብ ቢዋኝ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ማሳቹሴትስና ጀርመን ተቃራኒ መልስ ሰጥተዋል፤ ሁለቱም ጥሩ ውኃ ይጠጣሉ።

በማሳቹሴትስ የሚገኘው ኳቢን ቦስተንንና አካባቢዋን ለማጠጣት የስዊፍት ወንዝ ተገድቦ የተሠራ ማጠራቀሚያ ነው። ለዚሁ ሲባል ዳና፣ ኤንፊልድ፣ ግሪንዊችና ፕሬስኮት የተባሉ አራት ከተሞች እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ ፈርሰዋል፤ ነዋሪው ተነሥቷል፣ መቃብሩ ሳይቀር ተዛውሯል። በእንዲህ ያለ ዋጋ በተገኘ ውኃ ላይ የወጣው ደንብ ጥብቅ ቢሆን አያስደንቅም። መዋኘት ቀርቶ እግርን መንከር ክልክል ነው፤ ውሻም አይገባም። በጀልባ ዓሣ ማጥመድ ግን በተወሰነ ወቅትና በተወሰነ የሐይቁ ክፍል ተፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዜብራ መስል የተባለው ወራሪ ዛጎል ለበስ እንስሳ በዚያው ግዛት በሌላ ሐይቅ ከተገኘ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ጀልባ ንጽሕናው ሳይረጋገጥ ውኃውን አይነካም።

ዋናተኛውን ከልክሎ አጥማጁን መፍቀድ አድልዎ ሊመስል ይችላል። ምክንያቱ ግን የሕክምናና የምሕንድስና ነው። የኳቢን ውኃ በማጣሪያ አያልፍም፤ በኦዞንና በአልትራቫዮሌት ጨረር ተሕዋስያኑ ይመክናሉ። ከሰው አካል በቀጥታ ወደ ውኃ ከሚገቡት አንዱ የሆነው ክሪፕቶስፖሪዲየም ደግሞ ክሎሪንን እጅግ የሚቋቋም ነው። ማጣሪያ የሌለው ከተማ የመጀመሪያው ማጣሪያው ደኑና ደንቡ ናቸው።

ይሁንና ክልከላ ሁልጊዜ ጥበቃ ነው ማለት አይደለም። በኳቢን አደን ለአሥርት ዓመታት ተከልክሎ ነበር። አጋዘኑ እየበዛ ሄደና ችግኙን ሁሉ ጋጠው፤ ውኃውን የሚጠብቀው ደን ራሱን መተካት አቃተው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1991 ቁጥጥር የሚደረግበት አደን ተፈቀደ። ለእኔ ከደንቦቹ ሁሉ የሚያስተምረው ይኸኛው ነው፤ ደንብ አውጪው የራሱን ክልከላ ውጤት መዝኖ ሲያሻሽል የምናየው በጥቂት ቦታ ነውና።

በኮንስታንስ ሐይቅ ደግሞ በጋ ሲመጣ ሰዉ ይዋኛል፤ መርከብም ይመላለሳል። ከዚሁ ሐይቅ በዚፕሊንገን አጠገብ ከ60 ሜትር ጥልቀት ውኃ እየተሳበ፣ በኦዞንና በአሸዋ ማጣሪያ እያለፈ ወደ 4 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ይደርሳል። በዚያ ያለው ደንብ የሚጠነክረው በዋናተኛው ላይ ሳይሆን በጀልባው ሞተር ጭስና በየከተማው ፍሳሽ ላይ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ አገሮች ፍሳሻቸውን ማጣራት ከጀመሩ ወዲህ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ እጅግ ከፍ ብሎ የነበረው የፎስፈረስ መጠን ወደ ጥቂት ክፋይ ወርዷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ከምትጠጣባቸው ግድቦች አንዱ ለገዳዲ ነው። እዚያ የማጣሪያ ጣቢያ አለ፤ ስለዚህ የኳቢንን ደንብ እንዳለ መገልበጥ አያስፈልገንም። የለገዳዲ ዋነኛ ችግር ዋናተኛ አይደለም፤ በክረምት ከተፋሰሱ እርሻ ታጥቦ የሚወርድ አፈር ነው። በግድቡ ዳርቻ «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ መትከል ርካሽ ነው፤ ከብቱ ወንዙን እንዳይረግጥ፣ ማሳውም ከወንዙ ዳር ፈቀቅ እንዲል ማድረግ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። የኒውዮርክ ከተማ ይህንን ወጪ ተቀብላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከላይኛው ተፋሰስ ማኅበረሰቦች ጋር በፈረመችው ስምምነት ዙሪያ ገበሬው በፈቃዱ ለሚሠራው የጥበቃ ሥራ ከተማዋ ትከፍላለች።

እንግዲህ ለውይይታችን፦ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚከፍለው የውኃ ሒሳብ ላይ ለለገዳዲ ተፋሰስ ገበሬ ምን ያህል ሊደርሰው ይገባል? የሚያከፋፍለውስ ማን ይሁን? ከኋላ እጅ ያወጣኸው ወንድሜ፣ ካንተ እንጀምር።