ጥቂት ድምፅ፣ ብዙ ትዕግሥት

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከጀሪፍ ነጋዴዎች አንዱ ያደረጉት ንግግር





 ከጀሪፍ ጎረቤቶቻችን መካከል ዛሬ አብረውን የሌሉ ብዙዎች ናቸው። በሞት የተለዩንን ነፍሳቸውን ይማር፤ በየአገሩ የተበተኑትን በሰላም ያገናኘን።

አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ልጆች የሙዚቃ ትምህርት እንድንናገር ሲጠይቀን መጀመሪያ ተገርመን ነበር። እኛ ጀሪፍ ውስጥ ሽሮና በርበሬ፣ ቡናና ጀበና ስንሸጥ የኖርን ነን። ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ኖታ ማንበብ አንችልም። ሆኖም ከዚህ ንግግር በኋላ ልጃችን በፒያኖ አንድ ዜማ ታሰማናለች። ዜማውን ከመስማታችሁ በፊት ልንነግራችሁ የሚገባ ነገር ስላለ፣ እንዲያውም ይቅርታ የምንጠይቅበት ጉዳይ ስላለ፣ እሺ ብለናል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ ዓርብ በሱዳን የዕረፍት ቀን በመሆኑ ልጆቻችን ዓርብ ዓርብ እየተሰበሰቡ ኪቦርድ ይማሩ ነበር። የነበሩን ሁለት ኪቦርዶች ነበሩ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይቋረጣል። ልጃችን ሦስት ዓመት ከተማረች በኋላ አስተማሪዋ “አሁን መካከለኛ ደረጃ ደርሳለች” አለን። ደስ አለን። ከእንግዲህ በሠርግና በበዓል ሰው የሚያጨበጭብለትን ፈጣን ዘፈን ትጫወታለች ብለን ጠበቅን።

እሱ ግን የሰጣት ሌላ ነገር ሆነ። በውጭው ዓለም ሚኒማሊስት የሚሉት፣ በጥቂት ድምፅ የሚሠራ ሙዚቃ ነው። በአሜሪካ በ1960ዎቹ እነ ቴሪ ራይሊ፣ ስቲቭ ራይክና ፊሊፕ ግላስ ያስፋፉት መሆኑን በኋላ ተረዳን። (ዘመኑን የምንጠቅሰው ሱዳን በለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) አንድ አጭር ዜማ ይወሰድና ይደጋገማል፤ ለውጡ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ስቲቭ ራይክ በ1970 ጋና ድረስ ሄዶ ከበሮ እንደተማረ ስንሰማ፣ ነገሩ ከእኛ ከአፍሪካውያን ጆሮ የራቀ አለመሆኑ ገባን።

ለልጃችን መጀመሪያ የተሰጣት አርቮ ፓርት የተባለ የኢስቶኒያ ሰው በ1976 የጻፈው “ለአሊና” የተባለ ሥራ ነው። እጅግ አጭርና ዝግ ያለ ነው። ሁለቱ እጆች አንድ አንድ ድምፅ ይዘው አብረው ይሄዳሉ። መነሻው ላይ ያለው በጣም ወፍራም ድምፅ በእኛ ኪቦርድ ላይ ስላልነበረ አስተማሪዋ ከፍ አድርጎ ጻፈላት። እኛም ሱቅ ተቀምጠን ከጓሮ ያንኑ ድምፅ በየቀኑ እንሰማለን። አንድ ሁለት ስትል ዝም ትላለች፤ እንደገና ትጀምራለች። “የምንከፍለው ገንዘብ ለዚህ ነው?” ብለን ለባለቤታችን ማጉረምረማችንን አንደብቅም።

በመስከረም 2022 ለአዲስ ዓመት በተዘጋጀው ዝግጅት ላይ ይህንኑ አሰማች። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ወሬው ግን አልቆመም። ሰው ሁሉ ኪቦርዱን የምትሞክር ነው የመሰለው። ጨርሳ ስትነሣ አንድ አባት በቅን ልቦና “ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?” ብለው ጠየቋት። ተሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን። ማታ ቤት ገብተን ደግሞ “ይብቃሽ፤ ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ተማሪ” አልናት። አንዲት ቃል አልመለሰችም። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ኪቦርድ አልነካችም። ዛሬ በእናንተ ፊት ይቅርታ የምንጠይቃት ስለዚህ ነው።

አስተማሪዋ ሱቃችን መጥቶ ቡና እየጠጣ ምክንያቱን ጠየቀን። ነገርነው። ሳይቆጣ “ጋሼ፣ እስቲ አንድ ቁልፍ ይጫኑና ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ጣትዎን ሳያነሡ ያዳምጡ” አለን። ቀላል መስሎን ሞከርን። ድምፁ ሳያልቅ ጣታችን ተነሣ። ሁለተኛም ሞከርን፤ ደንበኛ ገባና ዞር አልን። በሦስተኛው ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማነው። ሱቃችን ውስጥ የማቀዝቀዣው ድምፅ እንዲያ እንደሚጮኽ ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያስረዳንን ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማል ብለን እናካፍላችሁ። ፈጣን ዘፈን ላይ አንድ ድምፅ ቢሳሳት ሌላው ይሸፍነዋል። በጥቂት ድምፅ ሙዚቃ ግን የሚሸፍን የለም፤ አንዱ ጣት ጠንክሮ ሌላው ከላላ ወዲያው ይሰማል። ድግግሞሹ ስለሚመሳሰል ተማሪው ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ይጠፋበታል፤ ስለዚህ በእርሳስ አራት አራት እያደረገ ምልክት ያድርግ። እጅ ሳያስበው ይፈጥናል፤ መድኃኒቱ በአፍ እየቆጠሩ መለማመድ ነው። ትከሻና ክንድ ከደነደኑ መደጋገሙ ያማል፤ ያን ጊዜ ማቆም እንጂ መታገል አያስፈልግም። ፒያኖ ያገኘ ደግሞ ፔዳሉን ረግጦ እንዳይረሳው፤ ድምፅ በድምፅ ላይ ተደርቦ ይደፈርሳል። በቀን አንድ ሰዓት ከመታከት አሥራ አምስት ደቂቃ በሙሉ ልብ ይሻላል።

በመጨረሻም “ጋሼ፣ በገና ሲደረደር ሰምተው ሰልችቶዎት ያውቃል?” ብሎ ጠየቀን። መልስ አጣን። በገና አሥር አውታር አለው፤ ደርዳሪው ግን የሚመላለሰው በጥቂቶቹ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም ያንኑ እየደጋገመ ሲያሰማን እናለቅሳለን እንጂ “መቼ ይጀምራል?” አንልም። ልጃችንን የሳቅንባት ግን በዚያው ነገር ነበር።

ሁለተኛውን ዜማ የመረጠላት ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሥራዎች ነው። እማሆይ ሚኒማሊስት ከሚባሉት ወገን አይደሉም። የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ የአገራችንን ቅኝትና የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ ከፈረንጅ ፒያኖ ጋር ያስማሙ ናቸው። ቢሆንም በጥቂት ድምፅ ብዙ መናገርን ለመማር ለእኛ ልጆች ከእሳቸው የቀረበ የለም። የትዝታ ቅኝት በአምስት ድምፅ ያልቃል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በእነዚህ አምስቱ የስንቱ ስደተኛ ሆድ እንደሚባባ እኛ እናውቃለን።

የሕይወት ታሪካቸውንም ስንሰማ የስደተኛ ታሪክ ሆኖ አገኘነው። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ጀመሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር አሲናራ ወደተባለች የጣሊያን ደሴት ተግዘው ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ኮንቶሮቪች ከተባለ የፖላንድ ተወላጅ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድላቸው ሲከለከል ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው ኖሩ። በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለወላጅ አልባ ሕፃናት ዋለ። በ1984 ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ሄደው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያ ኖሩ። በ2006 ፈረንሳዮች “ኢትዮፒክስ” በሚለው ተከታታይ ሲዲ ሥራቸውን ሲያወጡት ዓለም ሁሉ ሰማቸው።

በዚያ ሲዲ ላይ የዓባይ ዜማ አለ። አስተማሪዋ ሲዲውን እየሰማ ለእሷ ደረጃ አቅልሎ ጻፈላት። ጀሪፍን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጡብ ከሚተኮስበት ዳርቻ ብንቆም ከፊታችን የሚያልፈው ዓባይ ነው፤ ከጣና የመጣ ውኃ። ልጃችን ተወልዳ ያደገችው በዚያ ነው። አገሯን የምታውቀው በዚያ ወንዝና በእኛ ወሬ ብቻ ነው። ይህን ዜማ ስትለማመድ “አባዬ፣ ውኃውስ ያንኑ አይደል የሚደጋግመው?” አለችን። ከዚያ በኋላ ማጉረምረም ተውን።

መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2023) እማሆይ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። አስተማሪዋና ልጆቹ ለፋሲካ ዜማውን በመታሰቢያነት ሊያሰሙ ተዘጋጁ። ሚያዝያ 7፣ በቅዳም ሹር ዕለት፣ ዶሮ ታርዶ ዳቦ ሊጋገር ሲል ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አናረዝምም። ሱቃችንን ቆልፈን፣ በእጃችን የገባውን ይዘን በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ወጣን። ኪቦርዱ እዚያው ቀረ።

በመንገድ ላይ ልጃችን አንዲት ቃል አትናገርም ነበር። ጣቶቿ ግን ጉልበቷ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። እናቷ ፍርሃት መስሏት እጇን ልትይዝላት ስትል እኛ ከለከልናት። አራት፣ ዕረፍት፣ አራት፣ ዕረፍት። ከጓሮ ወራት ሙሉ ስንሰማው የኖርነው ቁጥር ስለሆነ ለየነው፤ ዓባይን እየተጫወተች ነበር። ከሱቃችን ሳይዘረፍ አብሮን የወጣው ሀብት እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ አንድ ነገር ሲደጋግም “ይብቃህ” ለማለት አትቸኩሉ፤ ጠጋ ብላችሁ አዳምጡት። ማኅበራችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ጥሪት ሲገኝ ከሚገዙት ዕቃዎች መካከል ለልጆች አንድ ኪቦርድ ይኑር፤ ዓርብ ወይም እሑድ የሚማሩበት ሰዓትም ይመደብላቸው። እኛም የአቅማችንን ለመጀመር ቃል እንገባለን።

አሁን ልጃችን ትቀርባለች። ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ ይደጋገማል፤ በመካከሉም ዝምታ አለ። በዝምታው ጊዜ አላለቀምና አታጨብጭቡ፤ እየሞከረችም አይደለም። ከዚያች ቅዳም ሹር ጀምሮ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። መጨረሷን የምታውቁት እጇን ጉልበቷ ላይ ስታሳርፍ ነው።

እግዚአብሔር አገራችንን ኢትዮጵያንና ያኖረችንን ሱዳንን በሰላም ይጠብቅልን።