ቴምብር ላይ ያረፈችው ጉጉት

በአውሮፓውያኑ 1960 በካናዳ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በባፊን ደሴት አጠገብ፣ ኬኖጁዋክ አሼቫክ የተባሉ የኢኑዊት ሠዓሊ «አስማተኛዋ ጉጉት»ን ሠሩ። ላባዋ እንደ ፀሐይ ጨረር በየአቅጣጫው ይፈነጠቃል። በ1970 ካናዳ የሰሜን ምዕራብ ግዛቶቿን መቶኛ ዓመት ስታከብር ይህችኑ ጉጉት ቴምብር አደረገቻት።

ለምን እሷ? አንዱ ምክንያት የድንጋይ ሕትመቱ አሠራር ይመስለኛል። ሥዕሉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይገለበጣል፤ ቀለም የማያስፈልገው ቦታ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ከፍ ብሎ የቀረው ገጽ ቀለም ይቀባና ስስ ወረቀት ተደርቦበት በእጅ ይታሻል። ድንጋይ ደግሞ ብዙ ዝርዝር አይወድም! የሚወጣው ሥዕል ደማቅ ቀለምና ጥርት ያለ ጠርዝ ስላለው ቢያሳንሱትም አይደበዝዝም። የበረዶ ቤትን፣ ድብንና ውሾችን በአንድ ላይ ያጨቀ ቴምብር ግን ከሩቅ ሲያዩት ዝብርቅርቅ ነው።

ከጉጉቷ በኋላም፣ ከ1977 እስከ 1980፣ ካናዳ አደንን፣ ጉዞን፣ መኖሪያንና መናፍስትን በየተራ የሚያሳዩ ቴምብሮች ያወጣችው ከራሳቸው ከኢኑዊት ጥበበኞች ሥራዎች ወስዳ ነው።

ቴምብር ለመንደፍ የምታስቡ አድማጮች፣ ሥዕላችሁን መጀመሪያ በአውራ ጣት ልክ አሳንሳችሁ እዩት።