የማሽተት ስሜት፣ የሚያስተኛ መድኃኒትና የመሐንዲስ ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ አፍንጫ ምን አገባው የሚል ጥያቄ በአእምሮአችሁ ሳይመላለስ አይቀርም። ነገር ግን ቡታጋዝ በራሱ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፤ የምናውቀው መጥፎ ጠረን ለማስጠንቀቂያ የሚጨመርበት መርካፕታን የተባለ ውሕድ ነው። ይህም ልማድ በሕግ የጸናው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ኒው ለንደን በተባለ ሥፍራ ሽታ የሌለው ጋዝ ከአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሥር ተጠራቅሞ በመፈንዳቱ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አልቀዋል።

እንግዲህ የመጨረሻው ጠባቂ የሰው አፍንጫ ሆነ ማለት ነው። ይህ ጠባቂ ግን ይታመማል፤ ይተኛልም። ካርስካደንና ሄርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የተኛን ሰው ድምፅ ሲቀሰቅሰው ጠረን ግን በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማይቀሰቅሰው አሳይተዋል። ከባርቢቹሬት ወገን የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1912 ለገበያ የቀረበው ፌኖባርቢታል፣ በአገራችንም ለሚጥል በሽታ የሚታዘዝ ሲሆን፣ ጋባ የተባለውን የነርቭ ሕዋሳትን የሚገታ ኬሚካል ኃይል ያጠነክራል። ጋባ ደግሞ የሽታን መልእክት አስቀድሞ በሚቀበለው የአንጎል ክፍል ውስጥ በብዛት ይሠራል። ስለዚህም በባርቢቹሬት ከደነዘዘ እንስሳ የተገኘ የማሽተት ጥናት ውጤት፣ ለነቃው እንዳለ አይወሰድም።

ይህን የምናገረው ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። አክስቴ ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ ማሽተት ተስኗቸዋል፤ ማታ ማታም ይህንኑ መድኃኒት ወስደው ይተኛሉ። አንድ ሌሊት ጋዙ ሲያፈስ አድሮ፣ ማለዳ ጎረቤት ደርሶ አተረፋቸው። ምድጃውን የገጠምሁላቸው እኔ ነበርሁ። በዚያን ጊዜ ቧንቧውን በሳሙና አረፋ መረመርሁ፤ «እታለም፣ ሽታ ይሰማዎታል?» ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ በድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ከወለሉ አጠገብ ይተከል። ከሁሉም በፊት ደግሞ በቤቱ የሚኖረው ሰው ይጠየቅ። የሰውን ድካም ያላሰላ ንድፍ፣ ስሌቱ ቢሰምርም ጎደሎ ነውና።