ሕፃን መቼ ይቀመጣል?

(በብልባላ ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እኔ ገና አላገባሁም፤ አልወለድኩምም። ስለ ልጅ ልናገር ስነሣ አንዳንድ እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ አያለሁ። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን በሰኔ ሚካኤል ዕለት አንዲት እናት ለብቻዬ ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የጎረቤቴ ሕፃን ተቀመጠ። የእኔው ግን እንደ ባዶ ጆንያ ይወድቃል። ቡዳ በልቶብኝ ይሆን?»

«ስንት ወሩ ነው?» ብላቸው እርግጠኛ አልነበሩም። በበዓል ቆጠርን። የእርሳቸው ልጅ የተወለደው ለጥምቀት ነው፤ 5 ወሩ ነው። የጎረቤታቸው ለኅዳር ሚካኤል ነው፤ 7 ወሩ ነው። ሁለት ወር ለሕፃን ብዙ ነው!

ልጅ የሚጠነክረው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ አንገቱ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ ከዚያ እግሩ። ብዙ ሕፃናት በ3 ወር ግድም ራሳቸውን ቀና ያደርጋሉ። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መገልበጥ ይጀምራሉ። በ6 ወር ገደማ ሲያስቀምጧቸው ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው መሬት ላይ ተክለው ይቀመጣሉ። ወገባቸው ሲጠና እጃቸውን ያነሣሉ፤ ያገኙትንም ወደ አፋቸው ይከታሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን አስጠንቶ ውጤቱን በ1998 ዓ.ም. አሳትሟል። ልጆቹ ጤነኞች ነበሩ። ሆኖም አንዳንዱ 4 ወር ሳይሞላው፣ አንዳንዱ 9 ወር አልፎት ነው ያለ ድጋፍ የተቀመጠው። አንዱ በ8 ወሩ ብቻውን ሲራመድ ሌላው እስከ 17 ወር ቆይቷል። ከ100 ልጆች 4 ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው የሄዱት።

አንቀልባ ልጅ አይጎዳም። በላስታ ብርድ የእናት ጀርባን የመሰለ ምን አለ? ግን ቀኑን ሙሉ ታዝሎ የዋለ ልጅ ወገቡን መቼ ይሞክረው? ሲነቃ አጎዛ አንጥፉለትና በሆዱ አስተኙት፤ ከአጠገቡም አትራቁ። እንቅልፍ ሲወስደው በጀርባው ይተኛ። አጎዛው ከምድጃ ይራቅ። ትናንት የተኛበት የሚገኝ ልጅ ዛሬ ተንከባሎ እሳት ዳር ይደርሳል።

ወገብ ያለ ምግብ አይጠናም። እስከ 6 ወር የጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያሻው። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ከገብስና ከባቄላ ዱቄት የተሠራ ወፈር ያለ ገንፎ ይጨመርለት፤ እንቁላልም እንዲሁ። በጾም ወራት ዕቃችን ይነካብናል ብላችሁ እንቁላሉን የምትከለክሉ አላችሁ። ሕፃን ጾም የለበትም። የእርሱን ሳህን ለብቻ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበው ልምጣ። በ4 ወሩ አንገቱ የማይጸና፣ በ9 ወሩ የማይቀመጥ፣ አንዱን እጅ ወይም እግር ብቻ የሚያንቀሳቅስ፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት የሚደርቅ ወይም እንደ ጨርቅ የሚላላ ልጅ ካለ ጤና ኬላ ውሰዱት። በፊት ይችለው የነበረውን የተወ ልጅ ደግሞ ለነገ አይባልም። ሰው ያየብናል ብሎ ጓዳ መደበቅ ለልጁ ጊዜውን ማጥፋት ነው። ጠበል የምትወስዱም ውሰዱ፤ ጤና ኬላውንም አትተዉ።

እኚያ እናት እርሳስ መያዝ ከጀመሩ ገና ሦስት ወራቸው ነው። የልጃቸውን የልደት ቀን «ጥር 11» ብለው በደብተራቸው ጻፉ። እናንተም ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፋችሁ ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡ። ወረቀት ከጠፋ በከሰል ግድግዳው ላይ ይሁን።