ለሚወለደው ልጅ ልብስን በልክ ስለ ማዘጋጀት



በዚህ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ስለ ሕንጻው፥ ስለ ማኅሌቱና ስላለፉት አባቶች መነገሩ የሚገባ ነው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ግን ታናሽ ይመስላል፤ ገና ላልተወለደ ሕፃን የሚገዛ ልብስ ነውና። ዳሩ ግን ታናሹ ልብሱ ነው እንጂ ነገሩ አይደለም። በዚህ በታናሹ ልብስ ምክንያት የቤት ገንዘብ ያልቃል፥ ባልና ሚስት ይቀያየማሉ፥ እናቲቱም በወሊድዋ ቀን የሚያስፈልጋትን ታጣለች። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊነገር የተገባ ነው።

አስቀድሞ የነፍሰ ጡሯን ልብ ማወቅ ያስፈልጋል። ዘጠኝ ወር ልጅዋን ትሸከመዋለች፤ ነገር ግን ፊቱን አላየችም፥ ድምፁንም አልሰማችም። ፍቅር ደግሞ በባሕርዩ ሥራ ይሻል። ልታቅፈውና ልታጠባው ጊዜው አልደረሰምና፥ እጅዋ የሚያገኘው ሥራ ልብሱን መግዛት ብቻ ይሆናል። ትንሿን ካልሲ በመዳፍዋ ላይ ባኖረች ጊዜ እግሩን የያዘችው ይመስላታል። ከፍቅርም ጋር ፍርሃት አለ። ቀድሞ ፅንስ የወረዳት ወይም ልጅ የሞተባት እናት ልብሱን እንደ መያዣ አድርጋ ትገዛለች፤ ልብሱ ካለ ባለቤቱ አይቀርም የምትል ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ልብ ማጽናናት እንጂ መገሠጽ አይገባም። ነገር ግን ፍርሃት በገንዘብ አይጠግብም፤ ዛሬ አንድ ልብስ ገዝቶ ያረፈ ልብ ነገ ሌላውን ይሻል።

በቀድሞ ዘመን ፈተናው እንዲህ አልበረታም ነበር። የሕፃኑ መጠቅለያ ብዙ ጊዜ የእናቱ ወይም የአያቱ ያረጀ ነጠላ ነበር፤ ይህም ለድህነት ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ስለሚለሰልስ ለሕፃን ገላ ይስማማል። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ በመርካቶም ሆነ በየሰፈሩ ሱቅ የሕፃናት ልብስ በመልክ በመልኩ ተሰቅሎ ይታያል። በእጅ ስልክም ሥዕሉ ቀንና ሌሊት ይመጣል። ቤቢ ሻወር የሚባለውም ድግስ ከባሕር ማዶ ገብቶ በከተማ እየተለመደ ሄዷል። አንዲቱ የሌላይቱን አይታ እንዳላንስ ትላለች። ነጋዴው ማንንም እጁን ይዞ አያስገድድም፤ ነገር ግን ‹‹ለልጅ አይሰሰትም›› የሚለው ቃል ከነጋዴው ይልቅ ያስገድዳል። ለልጅ አለመሰሰት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ለልጁ የተባለው ሁሉ ለልጁ ነውን? ሕፃኑ የልብሱን ዋጋ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሙቀቱን ብቻ ነው። ዋጋውን የሚያውቁት የሚያዩት ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ከወጪው ብዙው የሚወጣው ለሰው ዓይን ነው።

መጻሕፍትም ስለዚህ ነገር ዝም አላሉም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ12ኛው ምዕራፍ የወለደች ሴት የመንጻትዋ ወራት በተፈጸመ ጊዜ ስለምታቀርበው መሥዋዕት ተጽፏል። መሥዋዕቱ የአንድ ዓመት ጠቦትና ከእርሱም ጋር አንድ ርግብ ወይም አንድ ዋኖስ ነው። ጠቦት ለመግዛት አቅም ያጣች እንደ ሆነ ግን ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ይበቁ ዘንድ ሕጉ ራሱ ፈቀደ። እንግዲህ ሕጉ ለእግዚአብሔር በሚቀርበው ነገር እንኳ የእናቲቱን አቅም ተመልክቷል። ጌታን ወደ መቅደስ በወሰዱት ጊዜም የቀረበው ይኸው ለድሆች የተፈቀደው መሥዋዕት እንደ ነበረ በሉቃስ ወንጌል በ2ኛው ምዕራፍ ይታወቃል። በተወለደበት ሌሊት ልብሱ መጠቅለያ ጨርቅ፥ አልጋውም ግርግም ነበረ። ሰማይና ምድርን የፈጠረውን በጨርቅ የጠቀለለችው እናት ከሴቶች ሁሉ የከበረች ከሆነች ዘንድ፥ የእናት ክብር በልብስ ብዛት እንዳይደለ ግልጥ ነው።

ለዚህ ነገር የሚስማማ ሌላም ትምህርት በሐና ታሪክ ይገኛል። ሐና ልጅ አጥታ ብዙ ያለቀሰች ሴት ናት፤ በልጅ ናፍቆት ከእርስዋ የሚበልጥ በቀላሉ አይገኝም። ሳሙኤልን ወልዳ ጡት ካስጣለችው በኋላ በሴሎ ለእግዚአብሔር ቤት ሰጠችው። ከዚያም ከባልዋ ከሕልቃና ጋር ለመሥዋዕት በወጣች ጊዜ ሁሉ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በ2ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ልብ ሊባል የሚገባው ‹‹በየዓመቱ›› መባሉ ነው። ሐና የብዙ ዓመት ልብስ በአንድ ጊዜ ሠርታ አላከማቸችም፤ ልጁ ባደገ መጠን ለዚያ ዓመት የሚበቃውን አደረሰችለት። በዚህም ፍቅርዋ አልጎደለም፤ በየጊዜው እየታደሰ ደረሰ እንጂ። ልብስ ልጁን ይከተላል እንጂ ልጅ ልብሱን አይከተልም።

የሰውነትም ሥርዓት ከዚሁ ጋር ይስማማል። በጊዜው የተወለደ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም ያህል፥ ቁመቱም 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ5ኛው ወር አካባቢ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ቁመቱም በግማሽ ያህል ጨምሮ ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ሰው ከተወለደ በኋላ እንዲህ ፈጥኖ የሚያድግበት ሌላ ዓመት የለውም። ስለዚህ በአራስ ልጅ ልክ የተሰፋ ልብስ የጥቂት ሳምንት ልብስ ነው። ወንዱ በ40 ቀን፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ለክርስትና በሚወሰዱበት ጊዜ፥ ሲወለዱ የለበሱት ብዙው ጠቧቸዋል። አንዳንዱ ልጅ ተልቆ ይወለድና ትንሹን ልክ ጨርሶ ሳይለብሰው ይቀራል። ‹‹ለ6ኛው ወር ይሆነዋል›› ተብሎ የተገዛው ወፍራም ሹራብም ልጁ በደረሰበት ጊዜ ወራቱ በጋ ይሆንና ከሣጥን ሳይወጣ ያልፍበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለ አራስ ልጅ የሚሰጠው ምክርም ቀላል ነው። ጤነኛ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ወዲያው በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተጣብቆ እንዲቆይ ይመክራል፤ ሙቀቱን የሚጠብቅለት ይኸው ነው። ገላውን ማጠብ ቢቻል እስከ 24 ሰዓት ይቆይ ይላል። ልብሱም ትልቅ ሰው ከሚለብሰው አንድ ወይም ሁለት ድርብ የበለጠ ይሁን፥ ራሱም በቆብ ይሸፈን ይላል። ምግቡም እስከ 6 ወር የእናቱ ወተት ብቻ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያ ልብሱ የእናቱ ገላ፥ የመጀመሪያ ምግቡም የእናቱ ወተት ነው፤ ሁለቱም ከሱቅ አይገዙም። ልጁን ማልበስና መመገብ የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ እናቲቱን ይመግብ። ምስርና ባቄላው፥ ጎመኑ፥ እንቁላሉና ወተቱ ከማዕድዋ አይታጣ፤ በሐኪም የታዘዘላትም የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን አይቋረጥ። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወራት ቢያንስ 8 ጊዜ በጤና ባለሙያ እንድትታይ ብሏል። አንዲት ሴት ለልብስ ገበያ ሦስት ጊዜ ወጥታ ለዚህ ምርመራ አንድ ጊዜ ከቀረች፥ ሥራው ተገለባብጧል።

ለመጀመሪያው ወር የሚበቃው ልብስ ብዙ አይደለም። ስድስት ያህል ከጥጥ የተሠራ የውስጥ ልብስ፥ አራት ወይም አምስት ሙሉ ልብስ፥ ሁለት ቆብ፥ ጥቂት ካልሲ፥ ሁለት ወይም ሦስት መጠቅለያ፥ አንድ ብርድ ልብስና በቂ የሽንት ጨርቅ ካለ ይበቃል። ወሊዱ በሐምሌ ወይም በነሐሴ የሆነ እንደ ሆነ የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅምና ጥቂት መጨመር ነው። አዝራርና ጥብጣብ የበዛበት ልብስ ለዓይን ያምራል እንጂ ለሕፃን አይመችም፤ አዝራሩ ተነቅሎ ወደ አፍ ይገባል፥ ጥብጣቡም አንገት ሊያንቅ ይችላል። አዲስም ሆነ ያገለገለ ልብስ የሕፃኑን ገላ ሳይነካ አስቀድሞ ይታጠብ።

ለምሳሌ አንድ ቤት ይታሰብ። ባልና ሚስት በየወሩ 1,000 ብር ቢያስቀምጡ በ6 ወር ውስጥ 6,000 ብር ይይዛሉ። ነገር ግን ሚስቲቱ ከገበያ በተመለሰች ቍጥር ሁለትም ሦስትም ልብስ ታመጣለች፤ ባልም ደመወዝ በተቀበለ ቀን ጫማ ይጨምራል፤ አራስ ልጅ ግን አይራመድም። ሣጥኑ ሲሞላ ቦርሳው ይጎድላል። ምጥ በሌሊት ይመጣል፤ መኪና ይፈለጋል፥ ባለመኪናውም የሌሊት ዋጋ ይጠይቃል። የታዘዘው መድኃኒት በዚያ ባይገኝ ከውጭ ይገዛ ይባላል፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል መሄድ ቢያስፈልግም ሌላ ወጪ ይከተላል። በዚያች ሰዓት ባልዮው በጎረቤት ደጅ ቆሞ ብር ይለምናል፤ በቤቱ ያለው ሣጥን ግን በሕፃን ልብስ ተሞልቶ ተቀምጧል። ከዚያ ሁሉ ልብስ አንዱ እንኳ የመኪናውን ዋጋ አይከፍልም፤ ደምዋ የሚፈስስ እናትም ጎረቤት እስኪነቃ ድረስ ልትጠብቅ አትችልም። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው መባሉ ለድስት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ምኞትን የሚገታ ሥርዓት ያስፈልጋል። አንደኛው፥ የወሊዱን ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሞ ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ የመኪናው፥ የመድኃኒቱና የአራስዋ ምግብ ዋጋ ሳይሞላ ለልብስ እጅ አይዘርጋ። ሁለተኛው፥ መፈለግንና ማስፈለግን መለየት ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል። ሰው የሚፈልገው ሁሉ አያስፈልገውም። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት በቀኝ የሚያስፈልገውን፥ በግራ ደስ የሚያሰኘውን ቢጽፉ፥ ግራው ከቀኙ እንደሚረዝም ራሳቸው ያያሉ። ሦስተኛው፥ ያማረውን ልብስ ባዩ ጊዜ ሰባት ቀን መታገሥ ነው፤ በስምንተኛው ቀን ብዙው ምኞት ሞቶ ይገኛል። አራተኛው፥ ሳይገዙ ዘመድን መጠየቅ ነው፤ እናትና አማት፥ እኅትና የክርስትና እናት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሊያመጡ አስበው ይሆናልና። አምስተኛው፥ የእናቲቱ እጅ ሥራ ቢሻ አንዲት ልብስ በገዛ እጅዋ ትስፋለት። እንደ ሐና መደረቢያ አንዲቱ በእጅ የተሠራች ከተገዙት ከአሥሩ ይልቅ ትታወሳለች።

ባልም በዚህ ነገር ዳኛ ሆኖ አይቀመጥ። ‹‹ይህ ሁሉ ለምን ተገዛ?›› ብሎ የሚቈጣ ባል ቍጣው ልብሱን አይመልስለትም፤ ሚስቱን ግን መደበቅ ያስተምራታል። አብሮ ወደ ምርመራው ቢሄድ፥ ሥጋትዋን ቢጠይቃት፥ ማታ ቍጭ ብሎ ስለ ልጁ ቢያጫውታት ግን በሱቅ የምትፈልገውን ዕረፍት በቤትዋ ታገኘዋለች። አማቶችና ጓደኞችም ‹‹ምን ምን ገዛሽ?›› በማለት ፈንታ ‹‹ምን በላሽ? እንዴት አደርሽ?›› ብለው ይጠይቋት።

በአንድ ደብር ሥር የሚኖሩ ቤቶችም የልጅ ልብስ ከቤት ወደ ቤት ሊያዘዋውሩ ይችላሉ። የጠበበው ልብስ ታጥቦና ተተኩሶ ለቀጣይዋ ነፍሰ ጡር ይተላለፍ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባል፥ ከሁሉ ቤት የተሰበሰበ ልብስ የብዙ ልጆችን ብርድ ይመልሳል። የሌላ ልጅ የለበሰውን መልበስ ነውር አይደለም፤ በፍቅር የተሰጠ ነውና።

ይህን ነገር ካህናት የሚያስቡበት ሌላም ምክንያት አለ። ‹‹ለክርስትናው የሚያምር ልብስ የለውም፥ ድግሱም አልተሰናዳም›› በማለት የልጅዋን ጥምቀት ቀን የምታሳልፍ ድኻ እናት ብትኖር፥ ያሳፈራት ባለጸጋው ጎረቤትዋ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። ቤተ ክርስቲያን ልጁን የምትቀበለው ልብሱን አስወልቃ ነው። የባለጸጋውም የድኻውም ልጅ ራቁቱን ወደ ውኃው ይገባል፤ ሁለቱም አንዱን ሜሮን ይቀባሉ፥ በአንገታቸውም ማዕተብ ይታሰርላቸዋል። አቅም ያለው ሰው የልጁን ልብስ በልክ ቢያደርግ፥ ገንዘቡን ከማትረፉም በላይ የድኻይቱን ኀፍረት ያቀልላታል።

ኢዮቤልዩ በኦሪት የነፃነት ዓመት ነው። በዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ በ50ኛው ዓመት በችግር የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ፥ በድህነት ራሱን የሸጠ ሰውም ወደ ወገኑ ይመለስ ነበር። ለሚወለድ ልጅም ከስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ዕዳ የሌለበት ቤት፥ ጤናዋ የተጠበቀ እናትና በሰላም የሚኖሩ ወላጆች ናቸው። ነፍሰ ጡሯን ‹‹በሽልም ያውጣሽ›› ብለው ሲመርቋት ጆሮ በቃሉ ውስጥ ሽልማትን ይሰማል። ሰሙን ልብስ ያደረገ ወርቁን አልደረሰበትም፤ ሽልማቱ ልጁ ራሱ ነውና።

ነፍሰ ጡሮችን ሁሉ እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላቸው፤ የተወለዱትንም በጤና ያሳድጋቸው። አሜን።