ውሻውም ልጁም በአንድ ግቢ
(በጅቡቲ ከተማ፥ በሀራሙስ፥ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



በሀራሙስ ግቢዎች ውሻ ቤት ይጠብቃል፤ ሕፃናትም ከእርሱ ጋር ይጫወታሉ። ቆዳው በቆሰለ ጊዜ ከሰው የተረፈ ክኒን ቢሰጠው፥ ቁስሉም ጥቂት ሲሻለው መድኃኒቱ ቢቋረጥ፥ ነገሩ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል። ነገር ግን ደካማው ተሕዋስ ሲሞት ብርቱው ይተርፋል፤ የተረፈውም ይራባል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋምበትንም ጠባይ ለሌላው ያወርሳል። ከውሻው ቆዳ እስከ ልጁ እጅ ያለው መንገድም ሩቅ አይደለም።

ፔኒሲሊንን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል፥ መድኃኒቱን ከልክ አሳንሶ መውሰድ ተሕዋስያንን እንደሚያላምድ አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ግን በቂ ሰሚ አላገኘም፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ተሕዋስያን ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል።

ይህን ጠላት ለመመርመር ከተነሡት የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ፕሮፌሰር ወንድወሰን ገብረየስ ናቸው። የእንስሳት ሕክምናን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፥ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ፈጸሙ፤ ከዚያም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሪና ተመራማሪ ሆኑ። ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሳማዎች ላይ ያሉትን ሳልሞኔላንና ካምፒሎባክተርን ሲመረምሩ፥ ይህን መድኃኒት ሳይቀምሱ ባደጉት መንጋዎች ዘንድ እንኳ መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያን ተገኙ። ከዚህም የምንረዳው፥ ልማዱ አንድ ጊዜ ከተስፋፋ በኋላ መድኃኒቱን በመተው ብቻ ቶሎ እንደማይነቀል ነው። ፕሮፌሰሩ በዚህ ሳይወሰኑ፥ የሰው፥ የእንስሳና የአካባቢ ጤና አንድ ነው በሚለው ሐሳብ የዩኒቨርሲቲያቸውን ሥራ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አመጡት፤ በኢትዮጵያ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ ለመከላከል የተደረገው ጥረትም የዚሁ ሥራ ክፍል ነበረ።

እንግዲህ የሊቁ ሥራ በቤተ ሙከራ ቢጀመርም፥ ፍጻሜው በየቤቱ ነው፤ ወደ ቤት የሚያደርሰውም መምህር ነው። ለሕፃናት የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ይኸውም የእንስሳት ሐኪም ሳያዝ መድኃኒት ለእንስሳ አለመስጠት፥ የታዘዘውን እስከ መጨረሻው ቀን ማድረስ፥ የተረፈ ክኒን ለሌላ ቀን አለማስቀመጥ፥ ውሻን ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

ብርቱ ተሕዋስ የሚወለደው ካለማወቅ ነው፤ አለማወቅን ማሸነፍ ደግሞ የመምህር ሙያ ነው።