ትንሹን ፎቶግራፍ ለትልቅ ግድግዳ ስለ ማጉላት

(ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተደረገው ስብሰባ ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር)



ለበዓላችን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሁለት ሜትር ወርድ ያለው ፎቶግራፍ እንዲሰቀል ታስቧል። ፎቶግራፉ ከብዙ ዓመት በፊት ተማሪዎችና እናቶች በቡና ለቀማ ጊዜ አብረው የተነሡት ነው። ነገር ግን በእጃችን ያለው ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የቆየ ትንሽ ቅጂ ብቻ ነው። ከዚህ ትንሽ ቅጂ ትልቅ ሥዕል ማውጣት ይቻላልን? ቢቻልስ የትኛውን መንገድ መምረጥ ይገባናል? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ዲጂታል ፎቶግራፍ ከምን እንደ ተሠራ እንመልከት። ዲጂታል ፎቶግራፍ በረድፍ ከተደረደሩ ጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱም ነጥብ ፒክስል ይባላል። በብዙ ስልኮች ላይ የሚገኘው የ12 ሜጋፒክስል ካሜራ በወርዱ 4,000፥ በቁመቱ 3,000 ያህል ነጥብ ይመዘግባል። ሥዕሉን ስናጎላው ካሜራው ያየው ነገር አይጨምርም፤ የሚሰፋው ነጥቡ ብቻ ነው። ይህን እናቶቻችን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። አቦል ከተጠጣ በኋላ በጀበናው ላይ ውሃ ቢጨመር ቶናም በረካም ይወጣል፤ ሲኒው ይበዛል እንጂ ቡናው አይበዛም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሁለት ሜትር 2,000 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለ4,000 ነጥብ ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ሥዕል ግን ብዙ ጊዜ ረጅም ጎኑ ወደ 1,280 ነጥብ ይወርዳል። 2,000ን ለ1,280 ብናካፍል አንዱ ነጥብ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ይኸውም ከጤፍ ቅንጣት ይሰፋል ማለት ነው። በዚህ ቅጂ ላይ የአንዲት እናት ፊት ወርዱ ሠላሳ ነጥብ ያህል ቢሆን ዓይኗ በአምስትና በስድስት ነጥብ የተሠራ ይሆናል።

ደግሞም የተመልካቹ ርቀት መታሰብ አለበት። ጤናማ ዓይን በአንድ ሜትር ርቀት 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውን ነጥብ ለይቶ ያያል፤ በሁለት ሜትር ርቀት ግን 0.6 ሚሊ ሜትር ካልሆነ አይለየውም። ስለዚህ ነጥቡ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ሥዕል ከሁለት ሜትር ሲታይ ጥሩ ይሆናል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነውን ግን ከአምስት ሜትር በላይ ርቀን ማየት ሊኖርብን ነው። የአዲስ ፎቶ ፌስት መሥራች የሆነችው የአይዳ ሙሉነህ ፎቶግራፎች በ2014 ዓ.ም. በኒው ዮርክ፥ በቺካጎና በቦስተን በአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ ታይተው ነበር። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሥዕሉን ከአንድ ክንድ ርቀት ያየዋል፤ እንዲህ ላለው ቦታ የሚሠራ ሥዕል ከመነሻው ብዙ ነጥብ ሊኖረው ይገባል። የእኛም ወላጆች ዘመዳቸውን ለመፈለግ ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ እንጂ አምስት ሜትር ርቀው አይቆሙም።

አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ፤ ደብዛዛውን ያጠራዋል» ይላሉ። ይህ አሳብ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። የቀድሞው የማጉያ ዘዴ በሁለት ነጥቦች መካከል ሌላ ነጥብ ሲጨምር የጎረቤቶቹን ቀለም አማካይ ይወስዳል፤ ሥዕሉ ይለሰልሳል እንጂ አዲስ ነገር አይታይበትም። አዲሱ ፕሮግራም ግን ብዙ ፎቶግራፎችን አይቶ የተማረ ስለ ሆነ፥ የሰው ዓይን ብዙውን ጊዜ ምን እንደሚመስል ገምቶ ይሥላል። የቡና ቅጠል ቢስል ጉዳት የለውም። የሰው ፊት ሲሥል ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ያምራል፤ ሴትዮዋ ግን ከቴፒም ከሚዛን ተፈሪም ያልነበረች፥ ማንም ያልወለዳት ናት። በፎቶግራፉ ላይ ካሉት እናቶች ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ልጃቸው በበዓሉ ቀን መጥታ በእናቷ ስም ሥር የሌላ ሰው ዓይን ብታይ ምን እንላታለን?

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በወረቀት የታተመውን የመጀመሪያ ፎቶግራፍ በየቤቱ ሣጥን እንፈልግ። 15 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ፎቶግራፍ በስካነር በኢንች 600 ነጥብ ቢነሣ 3,500 ያህል ነጥብ ይሰጠናል፤ ወረቀቱ ራሱ ጥርት ያለ ከሆነ ይህ ለሁለት ሜትር ግድግዳ ይበቃል። ሁለተኛ፥ የተነሣው ቅጂ በቴሌግራም ከተላከ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ ያን ጊዜ ነጥቡ አይቀነስም። ሦስተኛ፥ ማተሚያ ቤቱ ሁሉን ከማተሙ በፊት አንድ ፊት ብቻ በእውነተኛ መጠኑ ለሙከራ አትሞ ያሳየን። አራተኛ፥ አገራችን ዝናብና እርጥበት የሚበዛባት ስለ ሆነች ሥዕሉ ሻጋታ እንዳይዘው ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ተደርጎ ይሰቀል።

የወረቀቱ ፎቶግራፍ ባይገኝስ? ያን ጊዜ ያለንን ትንሽ ቅጂ በ60 ሳንቲ ሜትር ወርድ እናትመው። 600 ሚሊ ሜትር ለ1,280 ሲካፈል ነጥቡ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ፊቶቹም ሳይፈጠሩና ሳይለወጡ እንደ ነበሩ ይታያሉ። ከሥሩም የሚያውቋቸው ሰዎች የነገሩንን ስም እንጻፍ። የቀረውን ግድግዳ በዘንድሮው ለቀማ በምናነሣው አዲስ ፎቶግራፍ እንሙላው። በበበቃም ሆነ በቴፒ የቡና ጥላ ሥር ብርሃን ያንሳል፤ ስለዚህ አንሺው ስልኩን ከግንድ ጋር አስደግፎ ይያዝ፤ በጣቱ ከማቅረብም በእግሩ ይቅረብ፤ በጣት ማቅረብ ነጥብን ቆርጦ መጣል ነውና።

ውድ ወላጆቻችን፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የቆየውን ሣጥን ከፍታችሁ እንድታዩልን በትሕትና እንለምናለን። እዚያ ሥዕል ላይ ያሉትን በስማቸው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና በመካከላችን ሳሉ ይህን ሥራ ብንፈጽም መልካም ነው።